አባቱን የካደ ይግባ

«ባዕድ ዘመድ አለህ ወይ?» ብለው የጠየቁን ባዕዳን ነበሩ። እስቲ አሁን ይኸ ይባላል? ባሕር ተሻግረው መጡ፣ ከሰማይ ቦምብ ጣሉብን፣ ደሴ ላይ ሰው የሠራው ቤት ገብተው ተኙ። ከዚያ ደግሞ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ወንበር ዘርግተው፣ አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያው የተቀበሩለትን ልጅ ውጭ አገር ማን እንዳለው ይመረምሩት ጀመር። ያን ዘመን ሳስታውስ ከረኀቡም ከፍርሃቱም ይልቅ ይኸ ነው የሚያንገበግበኝ። አርጅቻለሁ፣ ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል። ይኸ ግን አልጠፋኝም።

ነገሩ የታላቅ ወንድሜ ነው። ያደግነው ደሴ፣ ሆጤ ነው። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ እህቱ ገና በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። ከአጥራችን ማዶ አንድ የየመን ዐረብ ሱቅ ነበረው። ከፊት ለፊት ኩራዝ፣ ክርና መርፌ ይሸጣል፤ ጓሮው ግን የከተማው ስብርባሪ ሁሉ የሚጠገንበት ነው፤ ፋኖሱ፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ በኋላም የመኳንንቱ አውቶሞቢል ሞተር። ወንድሜ ከዚያ ጓሮ አይጠፋም ነበር። ሰውየው ሚስቱ ሞታበት ልጅም ሳይወልድ የቀረ ብቸኛ ነው።

እናቴ እንዳጫወተችኝ፣ ዐረቡ አንድ ቀን ሽማግሌ ላከባት። እሷን ሊጠይቅ መስሏት ደንግጣ ነበር፤ የጠየቀው ልጇን ነው። በኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው የሌላውን ልጅ ልጁ ሊያደርግ ሲፈልግ፣ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ በሽማግሌ ፊት ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት አባትና የጡት ልጅ ናቸው፤ ይወራረሳሉ፣ ይጧጧራሉ፣ ይቀባበራሉ። የነፍስ አባታችንና የሰፈሩ ሼኽ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ በመስቀላቸው አንዱ በዱዓቸው መረቁ። ወንድሜ ማሩ ካለቀ በኋላም ጣቱን አልለቅ ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ አሉ። ወንድሜ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፣ እሱም እስላም ሆኖ ቀረ። በበዓል እኛ የኛን ሥጋ፣ እሱም የራሱን፤ በጾም ቀን ደግሞ ከአንድ ገበታ ሽሮ እየበላን ኖርን። ወንድሜን ያለበሰው፣ ፊደል ያስቆጠረው፣ ሞተር ፈትቶ መግጠም ያስተማረው እሱ ነው። እኔንም «ልጄ» ነበር የሚለኝ።

የጣሊያን ጦርነት መጣና ሱቁ ከነጓሮው ነደደ። ዐረቡ ባዶ እጁን ቀረ። ባሕሩን ተሻግሮ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ተነሳ፤ እህቱ ያለችው ኤደን ወደብ ነው፣ ኤደንን የሚገዛው ደግሞ እንግሊዝ ነው። ወንድሜን ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ ግን እናታችንን ማን ላይ ጥሎ ይሂድ? ሲሰናበተው «አብሽር ልጄ» አለው፣ «የተቃጠለው ሱቁ ነው፤ እጅህ አለ። አገር ሲረጋ እመጣለሁ።» ወንድሜ እስከ ከተማው ዳር ሸኝቶት ተመለሰ።

አገር የረጋው በጣሊያን ነው፣ እሱም መርጋት ከተባለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሀረጎን ቁልቁለት ለመኪናቸው እናሳምር ብለው፣ የሥራ ፈቃድ የሌለውን ወንድ ከገበያም ከመንገድም እያፈሱ ድንጋይ ያስፈልጡት ጀመር። ወንድሜንም አፈሱት። የግራ እጁ ጣቶች በድንጋይ ተጨፍልቀው፣ እጁ እንደ ዱባ አብጦ መጣ። እናቴ በሞቀ ውሃ እያሸች «ደግሞ ከወሰዱት ይኸ እጅ አለቀለት፤ እጁ ካለቀ ልጄም አለቀለት» አለች። እሱም ይኸን ያውቃል። ያለ እጁ ምን ነበረው?

ኮምቦልቻ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ የመኪና ጋራዥ ነበር። የጋራዡ አለቃ ጣሊያን ነው፤ ወንድሜ መንገድ ላይ ተገትሮ የቀረ ካሚዮን ሲያስነሳ አይቶት ኖሮ «ነገ ናልኝ» አለው። ነገሩ በሱ እጅ ቢሆን እዚያው ባለቀ። ግን ግቢው በር አለው፣ በሩ ላይ ደግሞ ሰው የሚያጣራ መኮንን ተቀምጧል። አውሮፕላንና ቤንዚን ወዳለበት የሚገባ ሁሉ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ ይቀርባል፤ ዘመዶቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ የት እንዳሉ ይጠየቃል። መኮንኑ ካመነው ፈቃድ ያገኛል፣ ካላመነው ወደ ድንጋዩ ይመለሳል።

የኛ ሽማግሌዎች የነፍስ አባታችን፣ ሼኹና ከቦሩ ሜዳ የመጣው የእናቴ ወንድም ነበሩ። እኔ ስንቃቸውን ይዤ አብሬ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የሚመካከሩት ልጁን እንዴት ትልቅ አድርገው እንደሚያቀርቡት ነው። አልፈርድባቸውም። በኛ አገር ሰው የሚታመነው በዘመዱ ነው። ዋስ ሲጠራ ወገኑን ይቆጥሩለታል፤ ወገኑ የበዛ ሰው ቢያጠፋ የሚክስለት፣ ቢጠፋ የሚፈልገው አለ። የሚፈራው ዘመድ የለሹ ነው። ይኸንኑ ይዘው ቀረቡ።

መኮንኑ ጠረጴዛውን ከግራር ጥላ ሥር አስቀምጦ ነበር፤ እኔ ከበሩ ወዲህ ቁጭ ብዬ ሁሉን እሰማለሁ። አስተርጓሚው የኛው የሆጤ ልጅ ነው፤ ባርኔጣ ከደፋ ወዲህ አንገቱ ወደኛ አልዞር ብሎታል። መኮንኑ በሱ አፍ የወንድሜ አባት ማን እንደ ሆነ ጠየቀ።

አጎቴ ቀደመ። «የወለደው ሞቷል፤ ግን አባት የለውም ብለው እንዳያስቡ ጌታዬ። ኤደን የተቀመጠ ትልቅ ነጋዴ አባት አለው።»

መኮንኑ ቀና አለ። ሼኹ የተደነቀ መሰላቸው። «ወላሂ ስመ ጥር ሰው ነው» አሉ፣ «የእንግሊዝ ሹም እንኳ ያከብረዋል።» ይኸን ከየት እንዳመጡት አላህ ይወቅ። ዐረቡ ኤደን ውስጥ የሚኖረው የእህቱ ማድቤት ውስጥ ነው።

የነፍስ አባታችን ወደኋላ መቅረት አልወደዱም። «በእናቱም በኩል ቢሆን ኢየሩሳሌም የመነኮሰች አክስት አለችው» አሉ።

«ገዳሪፍም የአጎት ልጅ አለን፣ ሱዳን» አለ አጎቴ። «እንግዲህ ጌታዬ፣ የኛ ሰው የሌለበት አገር የለም።»

መኮንኑ ይጽፋል። እነሱ በጻፈ ቁጥር ደስ ይላቸዋል፣ ይጨምሩለታል። ወንድሜ ብቻ ነገሩ ገብቶት ፊቱ ዐመድ መስሎ ቆሟል፤ ሽማግሌ እየተናገረ አቋርጦ ዝም በሉ አይል። ሲወጡ ሼኹ በኩራት «አየሽ ልጄ፣ አንድ ሳያስቀር ጻፈልን እኮ» አሉኝ። ስንቃቸውንም በደስታ በሉ።

ፈቃዱ ተከለከለ። ይኸን ሊነግረን የመጣው አስተርጓሚው ራሱ ነው፤ እናቴ ፊት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «እማማ፣ ልጅዎን ያበላሹት ሽማግሌዎችዎ ናቸው» አላት። «እንግሊዝ አገር አባት ያለው ሰው ቤንዚን አጠገብ አይቆምም።»

«ልጄ፣ አንተ እያወቅከው! በሥጋ አልወለደው፣ የማር አባት ነው እንጂ» አለች እናቴ።

«ለመኮንኑ ነግሬዋለሁ። እሱማ የባሰ ነው አለኝ። የሥጋ አባቱን ሰው አይመርጠውም፤ ይኸን ግን መርጦት ነው አለ።»

እዚህ ላይ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ጣት ሲጠባ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው እኮ ነው፣ በጣሊያን ላይ እንዳደመ የሚቆጠርበት። ያን ሁሉ መድፍና አውሮፕላን ይዘው የመጡ ሰዎች በአንድ ማንኪያ ማር ተሸበሩ።

እናቴ አስተርጓሚውን ትኩር ብላ አየችው። «ለመሆኑ የአንተ ወንድም እንዴት ነው? ያ ጅቡቲ ያለው?» አለችው። ጅቡቲ የፈረንሳይ ነው፤ ወንድሙ ከዚያ የሚልከውን ሻሽ እናቱ አስራ ለሰፈሩ ስታሳይ ኖራለች። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «የምን ወንድም? እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ» አላት። ከዚያ መድኃኒቱንም ነገረን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተመልሶ ተሳስተን ነው ይበል፤ ወንድሜም በራሱ አፍ ያ ዐረብ አባቴ አይደለም ብሎ ይማል። እሱም ራሱ ሥራውን ያገኘው ወንድሙን እንዲህ ክዶ ነው፤ ሳይገባኝ አልቀረም።

ቤታችን ውስጥ ስንት ቀን እንደ ተጨቃጨቅን አላስታውስም። ሼኹ «ማሩን እኔው ነኝ የያዝኩት፤ አላህ የሰማውን ዱዓ አልበላም» ብለው እቅጩን ተናገሩ፤ ለዚህ እስካሁን አከብራቸዋለሁ። የነፍስ አባታችን ጠበል መርጨት አለብኝ ብለው እየሳሉ ወጡ። አጎቴ «ቃል ነው እንጂ ጅራፍ አይደል፣ አያምም» አለ። እኔ አፌን ከፍቼ አይሆንም አልኩ፤ ይኸን ሰው ከካድክ እኔ ምንህ ነኝ አልኩት። እናቴ ያበጠ እጁን ብቻ ታሻለች። ወንድሜ ሁላችንንም ሰማ። በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ሰው ሲታፈስ በጎረቤት አጥር ዘሎ አመለጠና፣ ቤት እንደገባ «እክዳለሁ» አለ።

ተመልሰን ወረድን። ያው ግራር፣ ያው ጠረጴዛ። መኮንኑ «ያ የኤደኑ ዐረብ አባትህ ነው?» አለው።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንህ ነው?»

«ባለሱቅ ነበር» አለ ወንድሜ። አጎቴም ሽማግሌ ስለሆንን ተቀላቀለብን፣ ዘመድም ብዙ የለንም ብሎ ደገፈው። በመስቀል አስማሉት። መኮንኑ ፈገግ አለና ማኅተሙን መታ፤ ወንድሜም ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ደረቱ ላይ ተሰቀለለት። ታማኝ ሆነ ማለት ነው። ያሳደገውን የካደ ሰው የትናንት መጪውን አይክድም ብለው ያመኑ ሰዎች አገር ሊገዙ መጥተው ነበር እንግዲህ። ሼኹን ቢያስጠብቁት የሚያምረውን ቤንዚን በአስተርጓሚውና በመሰሎቹ አስጠበቁት።

ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ቤት ተከራየንና እኔ ቤቱን ያዝኩለት። ቀን ቀን ምሳውን በአገልግል እስከ በሩ አደርሳለሁ። እጁ ዳነ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለ እሱ የሚሆን ነገር ጠፋ፤ እናቴም በላከላት እህል ወዟ ተመለሰ። ስለ ዐረቡ ግን ትንፍሽ አይልም። አንድ የአሰብ መንገድ ነጋዴ ከኤደን ሰላምታ ይዞ ቤታችን ቢመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ሰው ተሳስተሃል» ብሎ መለሰው። ሰላምታ እንኳ! ያን ቀን የሠራሁትን ራት ብቻውን እንዲበላ ትቼው ወጣሁ።

ከዚያ ዐረቡ ራሱ መጣ። ብርዱ ካለፈ በኋላ ነበር፣ ቀን ላይ። እንደ ልማዴ አገልግሌን ይዤ በሩ ዘንድ ስደርስ፣ ከአሰብ ከመጣ ካሚዮን የወረዱትን ሰዎች አሰልፈው ያጣራሉ። ከሰልፉ ዳር፣ እቃው ላይ የተቀመጠ ጢሙ ነጭ የሆነ ሽማግሌ አየሁ። አገጩን በመዳፉ ይዞ ሲቀመጥ አወቅሁት። ሱቁ ደጃፍም እንዲያ ነበር የሚቀመጠው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ወደ ደሴ የሚያልፈው፣ እዚህ የሚቀበለውና ዋስ የሚሆነው ዘመድ ካለው ብቻ ነው። ከሌለው በዚያው ካሚዮን ወደ አሰብ ይመልሱታል። ለወንድሜ የከለከሉትን ዘመድ ከሱ ይፈልጉ ነበር ማለት ነው። ጉዳቸው አያልቅም! ካሚዮኑ ግን አልነሳም ብሎ ስለነበር ከጋራዡ ሰው ጠሩ፤ መፍቻውን ይዞ የመጣው ወንድሜ ነው። መጣ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

መኮንኑ ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ዐረቡን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ አገር ዘመድ አለዎት?» አለው። «አለህ» ማለት ያልቻለው በልጅነቱ ከዚያ ሱቅ ከረሜላ ይቀበል ስለነበር ይሆናል። ሽማግሌው ልጄ ይኸውና ቢል ወንድሜ በሐሰት መማሉ ሊታወቅ ነው፤ በሐሰት የማለ ደግሞ ወደ ድንጋዩ እንኳ አይመለስም፣ ወህኒ ነው የሚወርደው።

ዐረቡ ወንድሜን አየው። ፊቱን፣ ከዚያ ደረቱ ላይ የተሰቀለውን ቆርቆሮ፣ ከዚያ እጁን። መንገድ ላይ ሰው ነግሮት እንደሆነ ወይም እዚያው ገብቶት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«የለኝም» አለ። «ሱቅ ነበረኝ፣ ተቃጠለ። ሰው አላውቅም።»

መኮንኑ ወደ ካሚዮኑ በአገጩ አመለከተ። ወንድሜ ሞተሩን ከፍቶ ጎንበስ አለ። እኔ በሆዴ አይነሳም በል፣ ተበላሽቷል በል፣ አንድ ሌሊት እንኳ ይደር እያልኩ እለምነዋለሁ። አላለም። ያ ሰው ባስተማረው እጅ፣ ያ ሰው ባስተማረው መንገድ፣ ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ። ሞተሩ ተነሳ። መኮንኑ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

አላስችል አለኝ። ሽማግሌውን ወደ ላይ ሲያወጡት አገልግሉን ይዤ ሄድኩ። «አባባ፣ ምሳ ይብሉ» አልኩት። መኮንኑ አንቺ ደግሞ ማነሽ ብሎ በአስተርጓሚው ሲያስጠይቅ ሰማሁና፣ ጮክ ብዬ «አባታችን ነው» አልኩ። ተናገርኩት፣ በቃ። አስተርጓሚው በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለ፤ መኮንኑም ሳቀና ፊቱን አዞረ። ወንድሜ ጣሊያንኛ ለምዶ ነበርና በኋላ ነገረኝ፤ ለማርያም ብላ የኔ ቢጤ ታበላለች ነው ያለው። ለዚህ አላመሰገንኩትም። የራሱን ወንድም በካደበት አፍ ለኛ አንድ ቀን ዋሸልን፤ እሱም ነገሩ ቢፈነዳ አብሮ እንዳይነድ ፈርቶ ይሆናል።

ዐረቡ አገልግሉን ከፈተ። የጾም ቀን ነበር፣ ሽሮ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ከዳር አንድ ጉርሻ ቆርሶ በላና መልሶ ከደነው። «የሱ ምሳ ነው ልጄ» አለኝ። «ሥራ ላይ ሲሆን መብላት ይረሳል። ሳይበላ እንዳይውል።» እጄን ዳሰስ አድርጎ አገልግሉን መለሰልኝ። ካሚዮኑ አቧራውን አስነስቶ በአሰብ መንገድ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወሬውንም አልሰማን።

ወንድሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ አጥሩ ጥግ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ቀመሰልሽ?» አለኝ።

«አንድ ጉርሻ» አልኩት። ሌላም ብዙ ልለው ነበር፣ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ።

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አገልግሉን ከፈተ። እንጀራው የተቆረሰበትን ቦታ እያገላበጠ ፈለገው፣ አገኘውና ከዚያው ላይ ቆርሶ በላ።